ሃያ ሦስት ትሎች

ሐሙስ ዕለት አንዲት ተማሪ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ማስተርሷን እየሠራች ነው፤ ሽምብራ ታዳቅላለች። መልእክቷ አጭር ነበር። «ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የአበባውን ቀለም ቆጠርኩ፤ ቁጥሩ ከሚጠበቀው ጋር አልገጠመልኝም። ሰኞ ለአማካሪዬ ማቅረብ አለብኝ። ልድገመው ወይስ ትንሽ ላስተካክለው?»

«ላስተካክለው» የሚለው ቃል ላይ ስደርስ የሻይ ብርጭቆዬን አስቀመጥኩ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ እስካሁን አልመለስኩላትም። ቅር ብሏት ይሆናል። የዘገየሁት መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ጥያቄዋ ለማንም ያልነገርኩትን ነገር ስለቀሰቀሰብኝ ነው። ለእሷ ብቻ ከምጽፍ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት አንድ ሚሊ ሜትር በምታህል ትል ላይ ነው። ስሟ ሲ. ኤለጋንስ ይባላል። አፈር ውስጥና የበሰበሰ ፍራፍሬ ላይ ትኖራለች፤ ሰው አታሳምምም። አሜሪካ ሄጄ ላብራቶሪ (ላብ እንለዋለን) የገባሁ ሰሞን እናቴ በስልክ «ምንድን ነው የምትማረው?» አለችኝ። «ስለ ትል» አልኳት። ዝም አለች። ያኔ የስልክ ደቂቃ ውድ ነው፤ ዝምታዋ ብቻ ሦስት ዶላር ሳይፈጅብኝ አልቀረም። በመጨረሻ «ኮሶ ነው ወስፋት?» አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ጥያቄዋ ከብዙ ባለዲግሪ ጥያቄ ይሻላል። ኮሶ ጠፍጣፋ ትል ነው፤ ወስፋት ድቡልቡል። የእኔዋ የወስፋት የሩቅ ዘመድ ናት። «ወስፋት በይው» አልኳት። «ታዲያ ወስፋት እዚህ ጠፍቶ ነው አሜሪካ ድረስ የሄድከው?»

ለእሷ በስልክ ማስረዳት ያልቻልኩትን ለእናንተ ልሞክር። ትሏ እንደ መስታወት የጠራች ናት። በማይክሮስኮፕ ስር ስታስቀምጧት ውስጧ በሙሉ ይታያል፣ በሕይወት እያለች። ሲድኒ ብሬነር የሚባል ሰው ለምርምር መረጣት፤ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጣው ጽሑፍ የሙያችን መነሻ ነው። ከዚያ ጆን ሰልስተንና ባልደረቦቹ ቁጭ ብለው ከአንዲት እንቁላል እስከ አዋቂዋ ትል ድረስ እያንዳንዱ ሕዋስ ከየትኛው እንደተወለደ የዘር ሐረግ ሠሩላት። አዋቂዋ 959 የአካል ሕዋሳት አሏት። ከእነሱ 302ቱ ነርቮች ናቸው። ሌሎች 131 ሕዋሳት ደግሞ ተወልደው እንዲሞቱ የተፈረደባቸው ናቸው። ይህ ከትል ትል አይለያይም ማለት ይቻላል። እኛ የሰባት ቤት ዘር ቆጥረን እንኮራለን፤ ሰልስተን የ959 ቤት ቆጠረ። እ.ኤ.አ. በ2002 ብሬነር፣ ሰልስተንና ሮበርት ሆርቪትዝ ኖቤል ሲሸለሙ እናቴ በሕይወት አልነበረችም። ብትኖር «ለወስፋት?» ትል ነበር።

እኔ የሠራሁት በእንቁላል መጣያዋ ላይ ነው። ትሏ ፍናፍንት ናት፤ ራሷን በራሷ ታዳቅላለች፤ ሆዷ መሃል ላይ እንቁላል የምትጥልበት አንድ ቀዳዳ አላት። ያቺ ቀዳዳ የተሠራችው ከ22 ሕዋሳት ብቻ ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን አንድ የአካል ክፍል እንዴት ይሠራል የሚለውን ጥያቄ ከእሷ በተሻለ ያስተማረን ብዙ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሏ ገና እጭ ሳለች ሆዷ ስር ስድስት ሕዋሳት ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ስድስቱም እኩል ናቸው፤ ማናቸውም እንቁላል መጣያ መሆን ይችላሉ። ከእነሱ በላይ፣ ማህፀኗ ሊሆን በሚዘጋጀው ቦታ፣ አንዲት ሕዋስ አለች፤ መልህቋ እንላታለን። መልህቋ ሊን-3 የሚባል ፕሮቲን ትለቃለች። መልእክቷ ይህ ነው። በጣም ቅርብ ያለችው ሕዋስ ብዙ ይደርሳታል፤ «የመሃሉ ሁኚ» ማለት ነው። እሷ ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ ዞር ብላ ለሁለቱ ጎረቤቶቿ ሌላ መልእክት ትሰጣለች፤ «እናንተ እኔን አትሁኑ፤ የዳር ሁኑ»። እነዚህ ሦስቱ ተከፋፍለው 22 ይሆናሉ። የቀሩት ሦስቱ ምንም አልተባሉም፤ ከቆዳው ጋር ተቀላቅለው ይቀራሉ።

ጁዲት ኪምብል እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣችው ሥራ መልህቋን በሌዘር ብታቃጥላት እንቁላል መጣያ እንደማይሠራ አሳየች። እኔም ተምሬው በእጄ አድርጌዋለሁ። አንድ የብርሃን ብልጭታ ነው፤ መልህቋ ትጠፋለች፤ ከዚያ ስድስቱም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ የሚነግራቸው የለም። ያቺ ትል ካደገች በኋላ እንቁላሉ መውጫ ያጣል። ሆዷ ውስጥ ይፈለፈላል። ልጆቿ ከውስጥ ይበሏታል። ይህን መጀመሪያ ያየሁ ቀን ምሳ አልበላሁም።

ሊን-3ን የሚቀበለው ፕሮቲን ሌት-23 ይባላል። ወደ ውስጥ የሚያስተላልፈው ደግሞ ሌት-60 ነው፤ ሰው ውስጥ ያለው ዘመዱ ራስ ይባላል። አዎ፣ ራስ። እንደ ራስ መኮንን። ስሙ የመጣው ከአይጥ ዕጢ ነው እንጂ ከማዕረግ አይደለም፤ እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ካባ የለበሰ ሰው ይታየኝ ነበር። ይህ ራስ በሰው ካንሰር ውስጥ በብዛት ከሚበላሹት ጂኖች አንዱ ነው። ትሏ ላይ ሲበላሽና አልዘጋ ሲል፣ ያልተጠሩት ሕዋሳትም እንደተጠሩ ያስባሉ። ሆዷ ላይ አንድ ቀዳዳና ብዙ ጉብታ ይወጣል። ባለብዙ ጉብታ ትል እንላታለን።

አሁን ወደ ነገሬ።

እ.ኤ.አ. በ1986 መገባደጃ ላይ በአንድ ኬሚካል የትሎችን ዘር አበላሽቼ ባለብዙ ጉብታዎቹን እፈልግ ነበር። አንዲት አገኘሁ። ደስ አለኝ። ጂኗን ለማጥራት ከጤነኛ ወንድ ጋር ማዳቀል ያስፈልጋል፤ ከፍናፍንቶቹ መሃል አልፎ አልፎ ወንድም ይገኛል። የመጀመሪያ ልጆቿ ሁሉም ጤነኛ ወጡ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። እነሱ ራሳቸውን ሲያዳቅሉ ከልጆቻቸው ሩቡ ባለጉብታ መሆን አለባቸው። ሩብ። የሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ነው፤ የሜንዴል አተር።

ቆጠራው የደረሰው የገና ዋዜማ ነበር፤ የእኛ ገና። ለፈረንጆቹ ተራ ማክሰኞ ነው። ላቡ ውስጥ ማንም የለም። ውጭ በረዶ ይጥላል። ጾሙ ነገ ይፈሰካል፤ እኔ ግን ዶሮም ሆነ የሚሠራልኝ ሰው አልነበረኝም፤ ፍሪጄ ውስጥ የነበረው አንድ ኩባያ ሽሮ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አልበላሁም። ወስፋቴ እየጮኸ የወስፋትን ዘመድ እቆጥራለሁ። ይህን ቀልድ ለራሴ ነገርኩትና ብቻዬን ሳቅሁ። አስታውሳለሁ፣ በደንብ አስታውሳለሁ፣ ሳቄ የማቀዝቀዣውን ድምፅ አቋርጦ መልሶ ወደ እኔ መጣ።

ሰሃኖቹን አንድ በአንድ አወጣሁ። ሰሃኑ ላይ አጋር ይፈሳል። የትዳር አጋር አይደለም፤ ከባሕር አልጌ የሚሠራው ጄሊ ነው። እላዩ ላይ ባክቴሪያ ይዘራል፤ ትሎቹ ያንን ይበላሉ። በቀኝ እጄ የፕላቲኒየም ሽቦዋን ይዤ አንዷን እያነሳሁ፣ በግራ እጄ መቁጠሪያውን እጫናለሁ። ቀጭ። ቀጭ። ጤነኛ፣ ጤነኛ፣ ጤነኛ፣ ባለጉብታ። ጤነኛ፣ ጤነኛ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጨረስኩ። በጠቅላላው 342። ባለጉብታዎቹ 85 ወይም ለዚያ የቀረቡ መሆን ነበረባቸው። 23 ነበሩ።

ሃያ ሦስት።

እንደገና ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት።

እጄ ቀዘቀዘ። ያኔ ያሰብኩትን ላልዋሽ። «ይህ ምን ማለት ይሆን?» ብዬ አላሰብኩም። ያሰብኩት «ምን አበላሸሁ?» ብቻ ነው። ከወራት በፊት በላቡ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል በተሳሳተ አነባበብ ተናግሬ ክፍሉ ሁሉ ስቆ ነበር። በክፋት አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስብሰባ ላይ ካልተጠየቅኩ አፌን አልከፍትም። አሁን ደግሞ ሐሙስ ቆሜ «ሩብ መሆን ነበረበት፤ ሩብ አልሆነልኝም» ልል ነው? ስኮላርሺፑ በየዓመቱ ነው የሚታደሰው። ቤት ደግሞ ከእኔ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። በላቡ ያለሁት አበሻ እኔ ብቻ ነኝ። «አበሻው መቁጠር አይችልም» እንዳይሉ ፈራሁ። ማንም እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። እኔ ነኝ ስለ እነሱ የተናገርኩት።

ደብተሬን ከፈትኩ። የቆጠርኩትን እዚያ አልጻፍኩም ነበር፤ በወረቀት ፎጣ ላይ ነበር የጻፍኩት። ደብተሩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «ሰሃኖቹ ውስጥ ሻጋታ ገባ። ተጣሉ።» ከዚያ ሰሃኖቹን በሙሉ ወደ ቆሻሻው ከረጢት ከተትኩ። ሻጋታ አልነበረም። አንድም ሰሃን ላይ። ከዚያ የጸዳ ሥራ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ትሎች በጥልቅ ቅዝቃዜ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጠው ሲሞቁ ይነቃሉ። ጥሩ ልማድ አዲስ የተገኘችን ትል ቶሎ ማስቀመጥ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ላጥራት ብዬ ገና አላስቀመጥኳትም ነበር። ስለዚህ በዚያች ሌሊት ዘሯ ከምድር ጠፋ። ወረቀት ፎጣውን በኪሴ ይዤ ወጣሁ። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ቤት ገብቼ ሽሮዬን አሞቅኩ። ገና ነው፤ ቅቤ ጨመርኩበት። ጣዕሙ አልታወቀኝም።

ሐሙስ ለአማካሪዬ ነገርኩት። «ሻጋታ» አልኩ። «ያጋጥማል» አለ፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ደግ ሰው ነበር። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ሌላ ትል ሰጠኝ፤ በእሷ ላይ ሠርቼ ተመረቅኩ። ሙያዬም አልተበላሸም። ውሸቴን ማንም አላወቀብኝም፣ ምንም ቅጣት አልመጣም። ይህን የምነግራችሁ ታሪኩ እንደ ስብከት መጨረሻው የሚያምር ስላልሆነ ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989፣ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አዲስ የመጣ ጆርናል እገልጥ ነበር። የኤድዊን ፈርግሰንና የሆርቪትዝ ጽሑፍ ነው። አንዳንድ ባለብዙ ጉብታ ትሎች ላይ የተበላሸው አንድ ጂን ሳይሆን ሁለት ነው ይላል። አንዱ ብቻውን ቢበላሽ ትሏ ጤነኛ ናት። ሌላውም ብቻውን ቢበላሽ ጤነኛ ናት። ሁለቱ አንድ ላይ ሲበላሹ ብቻ ጉብታው ይወጣል።

ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። ሁለት ጂን ከሆነ ሩብ አይደለም የሚጠበቀው። የሩብ ሩብ ነው። ከአሥራ ስድስት አንድ። 342ን ለ16 ስታካፍሉት 21 እና ትንሽ ይመጣል። እኔ 23 ነው ያገኘሁት። ቆጠራዬ ትክክል ነበር። ያ የተራበ፣ የፈራ ልጅ በሌሊት፣ በብርድ፣ በትክክል ቆጥሮ ነበር።

ይህን ስናገር «አየህ፣ ትልቅ ግኝት አመለጠህ» የሚሉ ወዳጆች ይኖሩኝ ይሆናል። እውነቱ ይበልጥ ያሳፍራል። ነገሩ አዲስ አልነበረም። ሆርቪትዝና ሰልስተን እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ጽሑፍ ላይ እንዲህ ዓይነት ባለሁለት ጂን ትል ተጠቅሷል። ያ ጽሑፍ በአማካሪዬ መደርደሪያ ላይ ነበረ። ሐሙስ ቀን «23 አገኘሁ» ብዬው ቢሆን ኖሮ ከመቀመጫው ሳይነሳ እጁን ዘርግቶ ያሳየኝ ነበር። አምስት ደቂቃ። የእኔዋ ትል እንደዚያች ትሁን፣ ሌላ ነገር ትኑርባት፣ አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም። ጥያታለሁ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ደግሞ ነገሩን አደመቀው፣ እኔንም አሳመመኝ። እነዚያ ጂኖች ሁለት ቡድን ናቸው፤ ግቢ ውስጥ እንደሚያድሩ ሁለት ዘበኞች። አንዱ ቢተኛ ሌላው ነቅቷል፤ ሌባ አይገባም። ሁለቱም ሲተኙ ነው ቤቱ የሚዘረፈው። የሚጠብቁት ምንድን ነው ብትሉ፣ በዙሪያው ያለውን ቆዳ ነው። ቆዳው ሊን-3ን እንዳያመርት ያፍኑታል። መናገር ያለባት መልህቋ ብቻ ናት፤ ቆዳው ዝም ማለት አለበት። ዘበኞቹ ሲጠፉ ቆዳው መልእክቱን ያመርታል፣ ስድስቱም ሕዋሳት ይሰሙታል፣ ሁሉም «ተጠራሁ» ብለው ይነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ ከአንደኛው ቡድን ሊን-35 የሚባለው ጂን በሰው ውስጥ ያለው አርቢ (RB) የሚባል ጂን ዘመድ መሆኑ ታየ። አርቢ ማለት ሲበላሽ የሕፃናትን የዓይን ካንሰር የሚያመጣው ነው። ከወስፋት ዘመድ እስከ ሕፃን ዓይን ድረስ። ይህን ያነበብኩ ቀን ያ የወረቀት ፎጣ የት እንደገባ ስፈልግ ዋልኩ። አላገኘሁትም።

ለእናንተ ምን ልምከር? ሥሩ፣ አንብቡ፣ ተኙ፣ እንግሊዝኛችሁን አሻሽሉ የሚለውን ሌላ ሰው ይነግራችኋል። እኔ የምለው ስለ ቁጥር ነው። የቆጠራችሁትን በቆጠራችሁበት ቅጽበት በብዕር ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ፎጣ ላይ አይደለም። ስልክ ላይም አይደለም። የዛሬ ልጆች ሁሉን ነገር በስልክ ፎቶ ታነሳላችሁ፤ አንድ ሺህ ፎቶ መሃል ማን ይፈልገዋል? ደግሞ ትሉን በዓይኑ ሳያይ ለኮምፒውተር ሰጥቶ የሚያስቆጥር ተማሪ አለ። ዓይን ይሰንፋል። እኔ ራሴ ባለፉት አሥር ዓመታት በኮምፒውተር ነው ያስቆጠርኩት፣ ዓይኔ ስለደከመ። እናንተ ግን ወጣት ናችሁ።

ሌላም የሚያናድደኝ አለ። ችግር ሲገጥማችሁ ለቻትጂፒቲ ትነግራላችሁ፣ ለቡድን ትለጥፋላችሁ፣ በአጠገባችሁ ለተቀመጠው ሰው ግን አትነግሩም። በእኛ ጊዜ ሰው ነበር የሚጠየቀው። ታላቅ ይጠየቅ ነበር። ይህን ጽፌ አነበብኩትና አፈርኩ። በእኛ ጊዜ ይጠየቅ ነበር እላለሁ፤ እኔ ጠየቅኩ እንዴ? ያቺ ልጅ ቢያንስ ጽፋልኛለች። በእሷ ዕድሜ እኔ ያላደረግኩትን አድርጋለች።

አማካሪዬ ከሞተ ቆይቷል። ጡረታ በወጣ ጊዜ በግብዣው ላይ ተገኝቼ ነበር። ልነግረው ወስኜ ነው የሄድኩት። ቀረብኩት፣ ጨበጥኩት፣ «የዚያን ጊዜ ሻጋታ...» ብዬ ጀመርኩ። እሱ ሳቀ፤ «ያ ላብ ሁልጊዜ እርጥብ ነበር» አለኝ። ሌላ እንግዳ መጣና እጁን ያዘው። እኔም ኬኬን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሁለተኛ ዕድል አልመጣም።

እህቴ፣ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። አታስተካክዪው። መድገም ትደግሚዋለሽ፤ ግን ከመድገምሽ በፊት ይህኛውን እንዳለ ለአማካሪሽ አሳዪው። ይቆጣ ይሆናል። የአንቺን አማካሪ አላውቀውም፤ ሁሉም ደግ አይደለም፤ ፍርሃትሽን ከንቱ ነው ብዬ አላቃልለውም። ሰኞ ግን ብቻሽን አትግቢ። በጠቅላላው ስንት አበባ ቆጠርሽ? ያልጠበቅሽው ቀለም ስንት ነው? ሁለቱን ቁጥር ብቻ ላኪልኝ። ወረቀትና ብዕር ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ ስልኬንም ዛሬ ማታ አልዘጋውም።